የጋሼ የእሑድ ስንኝ፦ ሰምና ወርቅ እንዴት እንደምፈታ

ጋሼ እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ሰላምታው ሲያልቅ ሁለት መስመር ይነግሩኛል፣ እኔም እጽፋለሁ። መልሱን የምናገረው በሚቀጥለው እሑድ ነው። ካልመጣልኝ ሌላ ሳምንት ይጨመርልኛል እንጂ እሳቸው አይነግሩኝም።

ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በልጅነታቸው ጎጃም፣ ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። እዚያ ቅኔ የሚደረሰው በግእዝ ነው፤ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር፣ ካለው ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ ይደርሳል። ለእኔ ግን የሚሰጡኝ በአማርኛ ነው። እንዲህ ስንባባል ዘጠኝ ዓመት ሆነን። የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ደብተሬን ሲያዩ «እንዴት ነው የምትፈቺው?» ይሉኛል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ይሄን ሳላደርግ ወደ ሌላው አልሄድም። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አይጽፍም። ዓይን አንዱን ብቻ ይመርጥና ያልፋል። አፍ ግን ሁለቱንም ሊሞክር ይችላል። ፊደሉም ቢለያይ ድምፁ አንድ ከሆነ ለቅኔ ይበቃል። ሠረቀ ስንል ፀሐይ ወጣች ማለት ነው፤ ሰረቀ ስንል ደግሞ ሌባ ወሰደ ማለት ነው። ጽሕፈቱ ይለያቸዋል፣ ጆሮ አይለያቸውም። ስለዚህ ቁልፉን በጆሮ ፈልጉ።

ብዙ ያስለፋኝን ላሳያችሁ።

ክረምቱን በሙሉ በዝናብ እየራስኩ፣
ከበሬ ሳልለይ መስከረም ደረስኩ።

ሰሙ፣ ማለትም ላይ ላዩ ትርጉም፣ ቀላል ነው። ገበሬ ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ከበሬው ኋላ ሆኖ ሲያርስ ከርሟል። እኔ ወርቁን፣ የተደበቀውን ትርጉም፣ ለማግኘት ዝናቡን እንባ አደረግሁት። መስከረምን ደግሞ ተስፋ። አራት ቀን በዚህ ሄድኩ። ያምር ነበር፣ ግን በሬው ሥራ አጥቶ ቀረ። አርብ ማታ ሰሃን እያጠብኩ ስንኙን ለራሴ ስል «ሬ»ን ሳላስበው አጠበቅኳት። ከበሬ። ከበሬ! ከእርሻው በሬ ሳይሆን ከቤቴ በር፣ ከደጄ። ሰውዬው አያርስም። ሰው እየጠበቀ ነው። ክረምቱን ሙሉ ደጁ ላይ ቆሞ፣ ዝናብ እየመታው፣ መንገድ መንገዱን ሲያይ መስከረም ጠባ። ሰሃኑን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እንዲህ ያለውን ደስታ ከሌላ ነገር አግኝቼ አላውቅም።

ያቺ ሁለት ትርጉም የተሸከመች ቃል ኅብረ ቃል ትባላለች። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው መስመር ላይ ናት፤ የመጀመሪያው መስመር ሥራ ወደ ሰሙ መግፋት ነው። እኔ ከታች ነው የምጀምረው።

ሁለተኛው መንገድ ቃሉን መቁረጥ ነው። ይሄኛው የመጣው የአንድ ጎረቤታቸው ትዳር በፈረሰ ሰሞን ነው።

ድስትና ምጣዱን ተካፈልን በእኩል፣
ልብስ እንዴት ይቻላል ሳይቀደድ ለመክፈል።

ሰሙ የዕቃ ክፍፍል ነው፤ ልብስ ካልተቀደደ ለሁለት አይሆንም። አሁን ልብስን ቁረጡት። ልብ፣ ከዚያ «ስ»። «እኔስ? አንተስ?» እንደምንለው ነው። ዕቃውስ ተከፈለ፤ ልብስ? እሱ ሳይቀደድ እንዴት ይከፈላል? ይሄን ስፈታ ደስታና ኀዘን አንድ ላይ መጡብኝ።

ወርቅ አገኘሁ ስትሉ ደግሞ መልሳችሁ መዝኑት። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በቦታው ወርቅ ይፈስሳል። ወርቁ ቅርጹን ሁሉ ካልሞላ ጌጡ ጎዶሎ ነው። ስንኝም እንዲሁ ነው። እኔ በደብተሬ ገጽ መሃል ላይ አሰምራለሁ፤ በግራ ሰሙን፣ በቀኝ ወርቁን ቃል በቃል እጽፋለሁ። በቀኝ በኩል ባዶ የቀረ ቃል ካለ አልፈታሁትም ማለት ነው። የእንባው ነገር የወደቀው እዚሁ ላይ ነው። ጋዜጣ ላይ የሚወጣው አግድምና ቁልቁል ስንት ፊደል እንደጎደለ በሳጥኑ ይነግራችኋል። ስንኝ ሳጥን ስለሌለው ይህን መስመር ራሳችሁ አስምሩ።

ኅብረ ቃል ጭራሽ የሌለውም አለ፤ ውስጠ ወይራ ይባላል። ከላይ ሌላ፣ ከውስጥ ሌላ ነው፣ ግን የምትይዙት አንድ ቃል የለም። እዚያ የሚያዋጣው ማን፣ መቼ፣ ለማን እንደተናገረው መጠየቅ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ለጊዜው ተዉት።

ሲያቅታችሁም ሰው አትጠይቁ። እለምናችኋለሁ፣ አትጠይቁ። የተነገራችሁ ወርቅ በሁለት ቀን ይረሳል፤ ራሳችሁ ያወጣችሁት ግን አብሯችሁ ይኖራል። ይልቅ ስንኙን በቃል ያዙትና ሥራችሁን ሥሩ። ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ሽንኩርት ስትከትፉ፣ እንቅልፍ ሊወስዳችሁ ሲል በሉት። አንድ ቀን ምላሳችሁ ራሱ ያዛባዋል፣ በሩም ይከፈታል።

አሁን ለእናንተ አንድ ልስጣችሁ። ጋሼ አንድ ዓመት የበዓል ማግስት ደውለው የሰጡኝ ነው።

ዘመድ ተሰብስቦ ቤቱ ሞልቶ ዋለ፣
አባት ደጅ ላይ ቆሞ ገና ነው እኮ አለ።

ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። ወርቁን አልነግራችሁም። በዚያ ዓመት ልጃቸው ከቤሩት አልመጣችም ነበር።