እጅ የሚሰጠው ማን ነው? በእንግሊዝኛ የጠብና የድብድብ ፈሊጦች ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

እንግሊዝኛ የሚማር አማርኛ ተናጋሪ የሚያሳስተው ጨርሶ የማያውቀው ፈሊጥ ይመስለዋል። በማስተማር ዘመኔ ያየሁት ግን የተገላቢጦሹን ነው፤ ተማሪው የማያውቀውን ፈሊጥ ጠይቆም ሆነ መዝገበ ቃላት ገልጦ ይደርስበታል፣ ከአማርኛው ጋር የተመሳሰለበትን ግን አንዳች ሳይጠራጠር ይጽፈዋል። ጠብን፣ ቡጢንና ጦርነትን የተመለከቱ አነጋገሮች ደግሞ በሁለቱም ቋንቋዎች ከእጅ፣ ከእግርና ከጥርስ ጋር ስለተቆራኙ ወጥመዱ የሚበዛው እዚያ ላይ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው «እጅ መስጠትን» ነው። አንድ ተማሪዬ በ1888 ዓ.ም. ጥር ወር በመቀሌ ምሽግ ውስጥ ውኃ ተይዞባቸው ስለተሸነፉት ጣሊያኖች ሲጽፍ፣ «ለምኒልክ እጅ ሰጡ» ለማለት ፈልጎ «ዘ ኢታሊያንስ ጌቭ ኤ ሃንድ ቱ ሜኒሊክ» ብሎ አሰፈረ። ዓረፍተ ነገሩ ሰዋስዋዊ እንከን አልነበረበትም፤ ነገር ግን እንግሊዛዊ አንባቢ የሚረዳው ጣሊያኖቹ ምኒልክን ማገዛቸውን ነው። «ጊቭ ኤ ሃንድ» መርዳት ነውና፤ «ቢግ» የሚለው ቃል ሲጨመርበት ደግሞ ማጨብጨብ ይሆናል። የእኛው እጅ መስጠት «ሰረንደር» በሚለው ግሥ ይገለጻል። ተማሪው ስህተቱ ሲነገረው በጣም ሳቀ፤ እኔም ያን ድርሰት እስከ ዛሬ በምሳሌነት እጠቀምበታለሁ።

ሁለተኛው ስህተት ከመጻፍ ይልቅ በማንበብ ጊዜ የሚፈጠር በመሆኑ ሳይታወቅ ያልፋል። አንድ ጋዜጣ ስለ አንድ የምርመራ ሪፖርት «ኢት ፑልድ ኖ ፐንችስ» ብሎ ቢጽፍ፣ ብዙ ተማሪዎች «ቡጢ አልሰነዘረም፣ ስለዚህ ለዘብ ያለ ሪፖርት ነው» ብለው ይተረጉሙታል። ይህ የሚሆነው ለእኛ መሳብ የጥቃት መጀመሪያ ስለሆነ ነው፤ ምላጭ የሚሳበው ለመተኮስ ነውና። በዚህ ፈሊጥ ውስጥ ያለው «ፑል» ግን የተሰነዘረን ቡጢ ዒላማው ላይ ከመድረሱ በፊት መግታት፣ ጉልበቱን መቀነስ ማለት ነው። ስለዚህ ቡጢውን ያልገታ ሪፖርት ሳይሸፋፍን፣ ሳይሸነግል፣ ሁሉን አፍረጥርጦ የተናገረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአሉታ የሚነገር አነጋገር በመሆኑም ትርጉሙን የሚገለብጠው ያቺ ትንሽ «ኖ» ትመስላለች፤ ችግሩ ግን ያለው ግሡ ላይ ነው።

የሚጣለውንና የሚሰቀለውን ዕቃ ማደበላለቅም የተለመደ ነው። በቡጢ ግጥሚያ ተጋጣሚው መቀጠል እንደማይችል ያየ ረዳት ፎጣ ወደ መድረኩ ይወረውራል፤ «ስሮው ኢን ዘ ታወል» ተስፋ ቆርጦ መተው የሆነው ከዚህ ተነሥቶ ነው። የእጅ ጓንት መጣልስ? ተማሪዎቼ ያለማመንታት «ይህም መሸነፍ ነው» ይላሉ፤ ሆኖም «ስሮው ዳውን ዘ ጎንትሌት» የድሮ ፈረሰኛ የብረት ጓንቱን በባላንጣው ፊት ጥሎ «ና ግጠመኝ» ከማለቱ የመጣ በመሆኑ ትርጉሙ ፍጹም ተቃራኒ ነው። ጓንትን መስቀል ግን ለእኛ አያስቸግርም፣ ኳስ ተጫዋች «ጫማውን ሰቀለ» ስንል ከምንለው ጋር አንድ ነውና።

«መታ» የሚለው ግሥ በራሱ አንድ ትምህርት ይወጣዋል። እኛ ከበሮም፣ ክራርም፣ ኳስም፣ ሚስማርም፣ ስልክም እንመታለን፤ ሲብስ ደግሞ ብርድና ምች ይመቱናል። ይህን ሁሉ «ቢት» ወይም «ሂት» በሚሉት ሁለት ቃላት ለመሸፈን የሚሞክር ተማሪ «ብርድ ደበደበኝ» ብሎ ሐኪሙን ግራ ያጋባል። በእንግሊዝኛ ከበሮ ቢመታም ክራር ግን «ፕሌይ» ይደረጋል፣ ጉንፋንም «ካች» ይደረጋል እንጂ እሱ ሰውን አይመታም። በአንጻሩ ቡድን ቡድንን ሲያሸንፍ «ቢት» ማለት ትክክል ነው፤ ያለፈ ጊዜውም ያው «ቢት» ስለሆነ ቅጥያ አይጨመርበትም።

«ፋይት ዊዝ» የሚለው አነጋገር አሻሚነቱ ከአማርኛው «ከ… ጋር ተዋጋ» የተለየ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ከገባ በኋላ የተሰለፈው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ነበር፤ ይህን የማያውቅ አንባቢ «ኢትዮጵያውያን ፎውት ዊዝ አሜሪካውያን» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢያነብ ሁለቱ ወገኖች የተጋጩ ሊመስለው ይችላል። ለወዳጅ «አሎንግሳይድ»፣ ለጠላት «አጌንስት» መጻፍ ጥርጣሬውን ያስወግዳል።

ስለ «ኪል ቱ በርድስ ዊዝ ዋን ስቶን» ብዙ የምለው የለኝም፤ «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» ራሱ ነው። የቼክ ቋንቋ ተናጋሪዎች በአንድ ምት የሚገድሉት ሁለት ዝንብ ስለሆነ የሚቸገሩት እነሱ ናቸው።

የቀረው የአገባብ ጉዳይ ነው። «ኪክ ዘ በኬት» በቃል ሲተረጎም ባልዲ መምታት ቢሆንም ትርጉሙ መሞት ነው፤ ይህን አጥንቶ በሐዘን መግለጫ ደብዳቤ ላይ የሚጽፍ ሰው ለለቅሶ ቤት «አባታችሁ ድፍት አሉ» ብሎ እንደተናገረ ይቆጠራል። «አረፉ» ለማለት «ፓስድ አዌይ» አለ። «ብሬክ ኤ ሌግ» ደግሞ በእኛ ዘንድ «እግርህ ይሰበር» የሚል እርግማን ቢመስልም፣ ወደ መድረክ ለሚወጣ ሰው የሚነገር የመልካም ምኞት ቃል ነው፤ ቼኮችማ ለዚሁ ምኞት «አንገትህን ስበር» ይላሉ። «ብሬክ ኤ ሌግ» የተባለለት ሰው አመስግኖ ይወጣል። ተራራ ለሚወጣ ወይም ለቀዶ ሕክምና ለሚገባ ሰው ግን አይባልም።