ሁለት ሆናችሁ አዲስ አበባ ስትመጡ፦ የተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር ስትሄዱ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚያወጉ ሁለት ጎልማሶች አይጠፉም። ምሳ ላይ አንዱ ሌላውን ያጎርሳል፤ ትከሻው ላይ እጁን ጥሎ ማኪያቶውን ይጠጣል። ከቶሮንቶ ወይም ከለንደን የመጣ ሰው ይህን አይቶ «ከተማው ተለውጧል» ይላል። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። ያየው ጓደኝነት ነው፤ እንዲህ ነፃ የሆነውም ሌላ ነገር የሚጠረጥር ስለሌለ ነው። ለእናንተም የሚጠቅመው እስከዚያው ድረስ ነው፦ እጅ መያያዝ፣ መተቃቀፍ፣ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳም ዓይን አይስብም። ከንፈር መሳሳም ግን ወንድና ሴትም ቢሆኑ መንገድ ላይ የሚደረግ አይደለም።

«ሕጉ ወረቀት ላይ ብቻ ነው» ማለት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸምን ግንኙነት በቀላል እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 630 ደግሞ የሌላውን ችግር ወይም በእሱ ላይ ያለን ሥልጣን መጠቀምን የመሰለ ማክበጃ ሲኖር ቅጣቱን እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል፤ ኃይል ወይም ዛቻ ካለ እስከ 15 ዓመት። ለጎብኚ የተለየ ሕግ የለም፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድም አያድንም። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ከገባችሁ ጥምር ዜግነት ስለማይታወቅ የሌላው አገር ኤምባሲ ሊያደርግላችሁ የሚችለው ጥቂት ነው። ነሐሴ 2015 የከተማው ሰላምና ፀጥታ አስተዳደር ቢሮ በሆቴሎች፣ በመጠጥ ቤቶችና በምግብ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታውቆ ሕዝቡም ጥቆማ እንዲሰጥ ጠይቆ ነበር። ስለዚህ አስተናጋጁም፣ የፅዳት ሠራተኛዋም፣ ዘበኛውም ጠቋሚ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ማሰብ ፍርሃት አይደለም።

ባለ አንድ አልጋ ክፍል መያዝ። ድረ ገጽ ላይ ርካሹን «ዶብል» ተጭናችሁ ስትመጡ ሪሴፕሽን ላይ ሁለት ፓስፖርት ይጠየቃል፤ ሁለት የወንድ ስም በአንድ አልጋ ይመዘገባል። «ትዊን» ማለትም ሁለት አልጋ ያለውን ያዙ። ሁለት ጓደኛሞች ወጪ ተጋርተው መተኛታቸው የተለመደ ነገር ስለሆነ ማንም አይገረምም። ጠዋት ሁለቱም አልጋ ተኝተውበት የወጡ ይምሰሉ፤ አንሶላውን መጎተት፣ ትራሱን ማጉበጥ ይበቃል። ክፍሉን የምታነጥፈው ልጅ አንዱ አልጋ አራት ቀን ሳይነካ ቢቆይ ታስተውላለች። ማታ ሌላ ሰው ማስገባት ከዚህ የከፋ ነው፦ ብዙ ቤት የእንግዳውን መታወቂያ ይይዛል ወይም ይመዘግባል፤ በማግስቱ አገር ለቃችሁ ስትሄዱ ስሙ መዝገቡ ላይ የሚቀረው የእሱ ነው። ግቢ ውስጥ ያለ አፓርታማም ዘበኛ ስላለው ነፃ አይምሰላችሁ። ለሆቴሉ አስቀድሞ «ግንኙነታችንን ትቀበላላችሁ?» ብሎ መጻፍ ደግሞ የራስን ክስ በራስ እጅ ማዘጋጀት ነው።

የመተዋወቂያ መተግበሪያን እንደ አገራችሁ መክፈት። ትልቁ አደጋ መንገድ ላይ ሳይሆን ኪስ ውስጥ ነው። ርቀትን በሜትር የሚያሳይ መተግበሪያ ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች ከተለካ ያላችሁበትን ሕንፃ ይጠቁማል፤ «ርቀት አሳይ» የሚለውን አጥፉ፣ ቢቻል መተግበሪያውን ከመብረራችሁ በፊት አራግፉት። የማጭበርበሩ አካሄድ ተመሳሳይ ነው፦ ሰውየው ቶሎ ወደ ቴሌግራም ይወስዳችኋል፣ ፊት የሚያሳይ ፎቶ ይጠይቃል፣ ከዚያ ስክሪንሾቱን ልኮ በቴሌብር ብር ይጠይቃል። አንዴ የከፈለ ሁለተኛም ይጠየቃልና አትክፈሉ፤ መልስ ሳትሰጡ ዝጉት፣ ማደሪያችሁን ቀይሩ፣ የውጭ ፓስፖርት ከያዛችሁ ኤምባሲያችሁ ደውሉ። ቁጥሩ ወረቀት ላይ ተጽፎ ይኑራችሁ፤ ስልኩ ሊወሰድ ይችላል። ብዙዎች የሚረሱት፦ መልእክቱን አጥፍተው ፎቶው የኢንተርኔት ማከማቻው (ክላውድ) ላይ ይቀራል፣ ማሳወቂያውም ስልኩ ተቆልፎ እያለ ይታያል።

«ቦታው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ። ለተመሳሳይ ጾታ ጥንዶች በግልጽ የተከፈተ መጠጥ ቤት ወይም መዝናኛ የለም። የራይድ ሹፌርን መጠየቅ፣ የቤት ስም በማኅበራዊ ሚዲያ መጻፍ፣ ከአገር ቤት ወዳጅ ጋር የተነሱትን ፎቶ ከነቦታው መለጠፍ የሚጎዳው እዚህ የሚኖረውን ነው። እናንተ በአሥር ቀን ትሄዳላችሁ፤ እሱ ሰፈሩ ውስጥ ይቀራል።

ትራንስ ለሆናችሁ አንድ ነገር፦ የገበያ ማዕከልና የትልልቅ ሆቴል በር ላይ ፍተሻ አለ፤ ወንድን ወንድ ሴትን ሴት ነው የሚፈትሸው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው ጾታና መልካችሁ ከተለያየ ክርክሩ የሚነሳው እዚያ ነው። በቀን ብዙ በር የማያስገባ ፕሮግራም አውጡ።

መድኃኒት የምትወስዱ መድኃኒቱን ከነዋናው ማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣው ጋር፣ ከቆይታችሁ ሁለት ሳምንት የሚተርፍ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ለኤችአይቪ ተጋልጠን ይሆናል ብላችሁ ከሰጋችሁ መከላከያ መድኃኒቱ መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ለሐኪሙ አብሯችሁ የነበረውን ሰው ጾታ መናገር ግድ አይደለም።

ለዘመድ ታሪክ ሳያዘጋጁ መምጣት። ይህ ለዲያስፖራው ከፖሊስ ይልቅ ከባድ ነው። ሁለት ወንዶች ግራ ጣታቸው ላይ አንድ ዓይነት ቀለበት ካደረጉ አክስት መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው፤ «ሚስቶቻችሁስ?» ትላለች። ቀለበቱ አውሮፕላን ውስጥ ይውለቅ። የት እንደተዋወቃችሁ፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ለምን አብራችሁ እንደመጣችሁ አንድ ዓይነት መልስ ይኑራችሁ፤ አንዱ «የሥራ ባልደረባዬ» ሌላው «የትምህርት ቤት ጓደኛዬ» ሲል ቤቱ ዝም ይላል፣ ስትወጡ ግን ወሬው ይጀመራል። «መቼ ነው የምታገባው?» ለሚለው «እግዜር ሲል» ይበቃል። ቤታቸው እንድታድሩ አጥብቀው ከለመኑ ደግሞ አትደንግጡ፦ ሁለታችሁን ያለ ምንም ጥርጣሬ አንድ አልጋ ላይ ሊያስተኟችሁ ይችላሉ።