የውሻ እብጠት ስታገኙ ሳንቲም አስጠግታችሁ ፎቶ አንሱት

ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ ውሻ ላይ እብጠት በዓይን አይገኝም። ደሴ ላይ ደግሞ በክረምቱ ብርድ ማጠቡንም እንተወዋለን። ፀሐይ ስትወጣ በለብታ ውሃና በሳሙና እጠቡት። አረፋው ሳይለቅ ጣታችሁን ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ አንሸራቱ። ፀጉሩ ሲረጥብ ስለሚተኛ አተር የምታህል እብጠት እንኳ ጣት ላይ ትታወቃለች። ብብቱን፣ ብሽሽቱን፣ የሴቷን ጡቶች እንዳትዘሉ።

ካገኛችሁ አጠገቡ የአንድ ብር ሳንቲም ይዛችሁ ፎቶ አንሱ። መጠኑን ዓይን ይረሳዋል፤ ሳንቲሙ ግን ያው ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግማችሁ ስታነሱት ማደግ አለማደጉ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በባቲ በኩል ቆላ ደርሶ የመጣ ውሻ ከሆነ መጀመሪያ ፀጉሩን ገለጥ አድርጉ፤ እግር ካለው መዥገር ነው።

አተር አክሎ ወር ከቆየ፣ ቶሎ ካደገ ወይም ከቆሰለ ሐኪም ይየው። ጡት ላይ ከሆነማ ወር አትጠብቁ። ለስላሳና የሚንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ ስብ ነው፤ ግን በመዳሰስ ብቻ አይለይም፣ በቀጭን መርፌ ናሙና መወሰድ አለበት።

በፍጹም አትጭመቁት፤ አንዳንዱ እጢ ሲነካካ ይብስበታል። የሚያተኩስና የሚያመው ከሆነ ሊነክሳችሁ ይችላልና ለእንስሳት ሐኪሙ ተዉለት።