የሽግግር ዘመን ካርቱን የሚሥሉ ወጣቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ወር ሦስት ወጣቶች ካርቱኖቻቸውን በስልክ ይዘው ቤቴ መጡ። መስመራቸው ያስቀናል፤ እኔ በእነሱ ዕድሜ እንዲህ የተፍታታ እጅ አልነበረኝም። የሣሉት ስለ ለውጡ፣ ስለ ምርጫው፣ ስለ አዳዲሶቹ ሹማምንት ነው። ሦስቱም ዘንድ ግን አንድ ዓይነት ስህተት አገኘሁ፤ ከ1985ቱ የፕሬስ ዐዋጅ ማግሥት ጀምሮ በየጋዜጣው ሳየው የኖርኩት፣ እኔም የሠራሁት ስህተት። ከእሱ እጀምራለሁ። ሌሎቹ ከእሱ ጋር ሲተያዩ ቀላል ናቸው።

አንድን ሰው ለመሣል ሕዝብን ማልበስ

ባለሥልጣኑን ይሥሉታል። ፊቱ አልመስል ሲላቸው፣ አንባቢ እንዲለየው ብለው የመጣበትን አካባቢ ልብስ ያለብሱታል፤ የኩታውን አጣጣል፣ ጥምጥሙን፣ ቆቡን፣ የጸጉር አሠራሩን። ሰውዬው ዕድሜ ልኩን በሱፍና በከረባት የታየ ነው። ካርቱኑ ላይ ግን የአያቱን ልብስ ለብሶ ይሰርቃል። ያን ጊዜ ሌባው እሱ መሆኑ ይቀርና ያን ልብስ የሚለብሰው ሁሉ ሌባ ሆኖ ይታያል።

እኔ ይህን ያደረግኩት በ1987 ዓ.ም. ነው። አንድ ሹም የእህል መጋዘን ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ጆንያ ሲሸከም ሣልኩ፤ ኩታም ደረብኩለት። ዋና አዘጋጁ አይቶ ሳቀ፣ ካርቱኑም ታትሞ ወጣ። በማግሥቱ ጠዋት ከቢሯችን ሥር ሻይ ወደምታፈላው ሴት ሄድኩ። እትዬ ነበር የምላት፤ አገሯም ያ ኩታ የሚለበስበት ነው። ጋዜጣው ከስኳር ጣሳው ጎን ተቀምጧል። ሻዬን ቀዳችልኝ፣ እንደ ልማዷ ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምራ አማሰለችልኝ። ከዚያ ጣቷን ኩታው ጥለት ላይ አሳርፋ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የአባቴ ኩታ ነው። አባቴ ምን አጠፋ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያን ጥለት ተጠንቅቄ ነበር የሣልኩት፤ ሙያዬን ያሳየሁ መስሎኝ እያንዳንዱን ክር ለብቻው አውጥቼዋለሁ። ለሹሙ ፊት ግን ያን ያህል አልደከምኩም።

«ቀልድ እኮ ነው ጋሼ» አለኝ ከሦስቱ አንዱ። አይደለም ልጄ። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. በ1991 ለመድብለ ፓርቲ በር ስትከፍት ጋዜጣው እንደ አሸን ፈላ፤ ካርቱንም አብሮ ፈላ። ካንጉራ የሚባለው መጽሔት የጀመረው ከዚያ ዓመት በፊት ነው። ቱትሲዎችን «በረሮ» እያለ ይጽፍ ነበር። በዚያው በ1991 በአንድ ሽፋኑ ላይ የቀድሞውን ፕሬዚዳንት የካይባንዳን ምስል ከገጀራ ጎን አድርጎ፣ በረሮዎቹን በምን መሣሪያ እንርታቸው ብሎ ጠየቀ። በ1994 በቱትሲዎች ላይ የደረሰውን የዘር ፍጅት ሁላችንም እናውቃለን። አሩሻ ላይ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 የካንጉራን አዘጋጅ ጥፋተኛ ሲለው፣ ከቀረቡት ማስረጃዎች መካከል ያ ሽፋን አንዱ ነበር። እዚያም ሲጀመር «ቀልድ ነው» ያለ ሰው አይጠፋም። በር ገና በተከፈተበት፣ ሕግ ባልጠነከረበት፣ ሁሉም ጎረቤቱን በሚጠራጠርበት ሰሞን የሚሣል ልብስ በሰላም ጊዜ እንደሚሣል ልብስ አይደለም።

«ታዲያ ሰውዬውን በምን ላሳውቀው?» ትሉ ይሆናል። በሠራውና በተናገረው። ደቡብ አፍሪካዊው ካርቱኒስት ዛፒሮ የአገሩን ፖለቲከኛ ጄኮብ ዙማን እንዴት እንደሣለው እዩ። ዙማ እ.ኤ.አ. በ2006 በአስገድዶ መድፈር ተከሶ በነፃ ሲለቀቅ፣ ችሎት ላይ ከኤች አይ ቪ ለመከላከል ገላዬን ታጠብኩ ብሎ ተናግሮ ነበር። ዛፒሮ ያን የሻወር ቧንቧ ወስዶ አናቱ ላይ ተከለለት። ዘሩን አልነካም፣ መንደሩን አልነካም፤ ከራሱ አፍ የወጣውን ቃል ነው ራሱ ላይ ያኖረው። ዙማ በ2009 ፕሬዚዳንት ሲሆን ደግሞ ቧንቧውን ከአናቱ ነቅሎ ከበላዩ በአየር ላይ አንሳፍፎ ሣለው፤ አዲሱን መሪ እስኪ ልየው እንደማለት። ኋላ መለሰበት። በኬንያ ጋዜጣ ይሥል የነበረው ታንዛኒያዊው ጋዶም የኬንያው መሪ ኡሁሩ ኬንያታ በሄጉ ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ክስ ላይ ሳሉ እግራቸው ላይ የእስረኛ ብረት ኳስ አሥሮ ይሥላቸው ነበር። ሁለቱም ምልክት ከሰውዬው ከራሱ ጉዳይ የመጣ ነው፤ ሕዝብ አይለብሰውም። እንዲህ ያለውን ምልክት ለማግኘት ግን የፍርድ ቤት መዝገብ ማንበብ፣ የፓርላማ ንግግር እስከ መጨረሻው መስማት ያስፈልጋል። ልብስ ማልበስ የሚቀናቸው ይህን ስለማይፈልጉ ነው፤ የሚያናድደኝም ይኼው ነው።

የወደቀውን መደብደብ

ግንቦት 1983 የሌኒን ሐውልት ሲወርድ የነበረ ሰው ከዚያ በኋላ የታተሙትን ካርቱኖች ያስታውሳል። የደርግ ቦት ጫማ፣ የደርግ ሽጉጥ፣ እንደገና የደርግ ቦት ጫማ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እኛ ምሳራችንን ስናፈራርቅ አዲሱ ተሿሚ ቢሮውን አደላደለ፣ ማኅተሙን ቀረጸ፣ የሚሥለው አላገኘም። በ2010 ዓ.ም. ማግሥትም ይኸው ተደገመ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ከቤተ መንግሥት ይዛ የወጣችው ትንሽ ቮልስዋገን ነበረች። ዛሬ ያን ቀን ሣሉ ብላቸው አብዛኞቹ ተማሪዎቼ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡትን አዛውንት ይሥላሉ፤ ታላቁ ንጉሥ በጠባብ መኪና፣ ለዓይን ይመቻል። ወታደሮቹን የሚሥል ግን ጥቂት ነው። ለሚቀጥሉት አሥራ ሰባት ዓመታት የሚያስፈልገን የእነሱ ሥዕል ነበር። አንድ ካርቱን ስትጨርሱ ይህን ጠይቁ፦ ዛሬ ወንበር ላይ ካሉት ሰዎች ይህን አይቶ ቅር የሚለው ማን ነው? ማንም ከሌለ ድጋሚ ሣሉ።

ትንሹን ሹም ብቻ መሣልም የዚሁ ስህተት ወንድም ነው። የቀበሌ ሊቀ መንበር፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ይሣላሉ፤ ትእዛዙን የሰጠው አይሣልም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

ሁሉንም በጽሑፍ መለጠፍ

በሬው ላይ «ኢኮኖሚ»፣ ገበሬው ላይ «ሕዝብ»፣ ገደሉ ላይ «የኑሮ ውድነት»፣ ሰማዩ ላይ ሳይቀር «ተስፋ»። ይህ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻ አራት ኪሎ ጋዜጣ በሳንቲም ይከራይ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንብቦ መመለስ ነው። ሥራዬ ሲወጣ እዚያ ሄጄ እቆም ነበር፤ አንባቢውን አይቼ ስህተቴን የማውቀው እዚያ ነው። አንድ ቀን አንዱ ተከራይ እግሩን ለሊስትሮ ዘርግቶ ይገልጣል። ልጁ ቡርሹን እንደያዘ አንገቱን አጠማዘዘና ካርቱኑን አየ። ማንበብ አይችልም፤ ኋላ ጠይቄዋለሁ። ጋዜጣውን የያዘው ሰውዬ የአረፋውን ጽሑፍ ሳይጨርስ ልጁ ሳቀ። ያ ካርቱን ላይ የነበረው ቃል አራት ብቻ ነበር፤ አራቱም ባይኖሩ ሥራው እንደሚሄድ ያን ቀን ገባኝ። እናንተም ቃሉን በጣታችሁ ሸፍኑትና ፊደል ላልቆጠረ ሰው አሳዩት።

ዴሞክራሲን ሕፃን ማድረግ

በ1983 ሕፃን ነበር፣ በ1997 ሕፃን ነበር፣ በ2010 እንደገና ሕፃን ሆኖ ተወለደ። ተዉት። ሕፃን ካላችሁት የሚያሳድገው ሹም ሁሌም «ገና ልጅ ነው፣ ታገሡ» የሚልበት ሰበብ አገኘ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከንጋት ጀምሮ የተሰለፉት ሰዎች ሕፃን አልነበሩም። ሰልፉን ሣሉ፤ ጃንጥላውን፣ ከቤት ይዘዋት የመጡትን ዱካ፣ የመራጭነት ካርዱን በመሐረብ ጠቅልለው የያዙትን እናት።

ሰሙን መጣል፣ ወይም ሰሙ ውስጥ መቅረት

በሳንሱር ዘመን ያደጉት ታላላቆቻችን ሰምና ወርቁን ከመልመዳቸው የተነሣ ነፃነት ሲመጣም ወርቁን እንደቀበሩት ቀሩ፤ ራሳቸው ካልፈቱት ማንም አይፈታውም። የዛሬዎቹ ደግሞ ሰሙን ጭራሽ ጥለው ስድብ ብቻ ይሥላሉ። ስድብ አንድ ጊዜ ይታይና ያልቃል። ሰም የነበረው ለፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ አንባቢ ራሱ ፈልፍሎ ያገኘውን ነገር አይረሳውም።

የሰው አገር ምልክት መዋስ

ዓይኗን በጨርቅ የታሠረች ሚዛን ያዥ ሴት ፍትሕ መሆኗን ሕግ የተማረ ያውቃል። ገጠር ያለ አክስቴ ስታያት «ይቺ ምስኪን፣ ዓይኗን ምን ነካት?» ነው ያለችው። ለፍርድ የሚሆን ከበቂ በላይ የራሳችን ነገር አለን፤ የዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ዋስ፣ የተበላ ዕቁብ።

የአካል ጉዳትን መሳቂያ ማድረግ

በፍጹም።

በሩ ክፍት ሆኖ ይቀራል ብሎ ማመን

ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1830 ንጉሥ አባርረው ሌላ ሲያነግሡ ቻርተራቸው ሳንሱር ዳግመኛ አይመለስም ብሎ ማለ። የካርቱን ጋዜጣ አሳታሚው ሻርል ፊሊፖን አዲሱን ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን በአራት ሥዕል ደረጃ በደረጃ ወደ ፒር ፍሬ ሲለወጥ አሳየ። በ1831 ችሎት ፊት ይህን አቀረበ፤ መመሳሰል ወንጀል ከሆነ የትኛው ሥዕል ላይ ነው የምትቀጡኝ ለማለት። ተፈረደበት። ባልደረባው ሠዓሊ ዶሚዬም በ1832 ታሠረ። በ1835 መስከረም ወር የወጣው ሕግ ደግሞ የጋዜጣን ጽሑፍ ትቶ ሥዕልን ግን ከመታተሙ በፊት ይመርመር አለ። ከመሐላው እስከ ሕጉ አምስት ዓመት ነው።

እኛም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ላይ ቅድመ ምርመራን ከልክሎ፣ በ1998 ዓ.ም. ጋዜጦች ተዘጉ፣ አዘጋጆች ታሠሩ። ይህን የምለው እጃችሁን እንድትሰበስቡ አይደለም። በሩ ክፍት እያለ ዋናውን ሥዕል ሥሩት፤ የሚቀጥለው ዓመት ይመቸኛል ብላችሁ አታሳድሩት።

ዋናውን ቅጂ አለማስቀመጥ

እኔ የሣልኩበት ጋዜጣ ሲዘጋ የስድስት ዓመት ሥራዬ በካርቶን ታስሮ ቢሮው ውስጥ ቀረ፤ ከዚያ የት እንደደረሰ አላወቅሁም። ፋይሉን ከስልካችሁ ውጭ ሁለት ቦታ አስቀምጡ። ቀኑን ጻፉበት፤ በዚያ ሳምንት ምን እንደተከሰተ በሁለት መስመር ጻፉበት፤ ከአሥር ዓመት በኋላ እናንተም ትረሱታላችሁና። ሦስቱን ልጆች ሳሰናብታቸው ይህን እንዲያደርጉ አስምያቸዋለሁ። ኩታውን ያለበሰው ልጅ ትናንት ማታ ሥዕሉን እንደ አዲስ ሠርቶ ልኮልኛል፤ ሹሙ ሱፍ ለብሷል፣ እጁ ላይ ራሱ የፈረመበት ውል አለ።