በጭንቅ ሰሞን ለአራት ሳክስፎኖች መጻፍ

በጭንቅ ሰሞን ለሳክስፎን ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ የሚነፉለትን ሰዎች መቁጠር ይኖርበታል። የሳክስፎን ኳርቴት (የአራት ተጫዋቾች ቡድን) እንደ ወትሮው ከቀጭኑ ድምፅ እስከ ወፍራሙ ሶፕራኖ፣ አልቶ፣ ቴነርና ባሪቶንን የያዘ ቢሆንም፣ ሰዓት እላፊ በታወጀበት፣ መንገድ በተዘጋበት ወይም ከተጫዋቾቹ አንዱ ሐዘን በተቀመጠበት ጊዜ አራቱ ተሟልተው ላይገኙ ይችላሉ። ስለዚህ የሶፕራኖው መስመር ከአልቶ አቅም በላይ እንዳይወጣ፣ የባሪቶኑም ቴነር ሊደርስበት ከሚችለው በታች እንዳይወርድ አድርገው ይጻፉ፤ አንዱ ሲቀር ሌላው ድርሻውን ይወስድለታል። ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ አሌክሳንደር ግላዙኖቭ ከአገሩ ርቆ በፓሪስ ሲኖር እ.ኤ.አ. በ1932 የሳክስፎን ኳርቴቱን የጻፈው እዚያው ፈረንሳዊው የሳክስፎን ተጫዋች ማርሴል ሙል ይመራው ለነበረው ቡድን ነው፤ ማን እንደሚነፋው እያወቀ ጻፈ።

ቀጥሎ የቅኝት ምርጫ ይመጣል። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በቴነር ሳክስፎን እንደ ሰው ጉሮሮ ያሰማበትን ስልት እጅግ እወደዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ሰው ልጁን በሚቀብርበት ሰሞን ፉከራ የሚመስል ሐረግ የአድማጩን ቁስል ሊነካ ስለሚችል፣ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ትዝታን እመርጣለሁ። ትዝታ ማይነርን ከዶ ቢያስነሡት የሚሰማው ዶ፣ ሬ፣ ሚ ፍላት፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው (ፍላት ድምፁን በግማሽ ቶን ዝቅ፣ ሻርፕ ከፍ ያደርገዋል)። የሳክስፎን ኖታ ግን ትራንስፖዝ ተደርጎ፣ ማለትም ከሚሰማው ድምፅ በተለየ ከፍታ፣ ስለሚጻፍ፣ ይኸው ቅኝት ለሶፕራኖና ለቴነር ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ ፍላት፣ ለአልቶና ለባሪቶን ደግሞ ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ይሆናል። እንደ አልቶውና ባሪቶኑ፣ አንድም ሻርፕ ወይም ፍላት የሌለበት ገጽ ተጨንቆ ለዋለ ሰው ትልቅ እረፍት ነው። የቅኝቱ ሕመም ያለው በግማሽ ቶኖቹ፣ ማለትም እጅግ በተቀራረቡት ድምፆች፣ ላይ ነውና፣ በሚሰማው ድምፅ አልቶው ሶልን ይዞ ሲቆይ ሶፕራኖው ላ ፍላትን ነክቶ ወደ እርሱ እንዲወርድ ያድርጉ፤ ይህን ግን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ይጠቀሙበት፣ ሲደጋገም ይደነዝዛልና።

ትንፋሽ ላይ ቸር ይሁኑ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ትንፋሹ ስለሚያጥር ሐረጎቹን አሳጥረው፣ ረጅም ድምፅ የግድ ካስፈለገ ሁለት ተጫዋቾች እየተቀባበሉ እንዲይዙት አድርገው ይጻፉ። በጽሑፍ ከታችኛው ሬ ዝቅ ያሉትን ድምፆች በለሆሳስ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ጸጥታ በሚፈልጉበት ቦታ የመሣሪያውን መካከለኛ የድምፅ ክልል ይምረጡ።

አንድ ቀን ለልምምድ ስንሰባሰብ ከጎረቤት ግቢ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ አገኘነው። ሳክስፎን መንፋት የማይታሰብ ነበር፤ ቤታችን ሄደን እንዳንመለስም ጊዜው ጥቂት ነበር። ስለዚህ መሣሪያዎቹን ጭናችን ላይ አጋድመን፣ ምንም ሳንነፋ ኖታውን በጣቶቻችን ብቻ ተከተልን። የቁልፎቹ ሽፋን ከቀዳዳው ጋር ሲገጥም የሚያሰማው ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ፣ በተለይም የባሪቶኑ ትልልቅ ቁልፎች ደነዝ ያለ ምት፣ የክረምት ዝናብ ጣሪያ ላይ ሲጀምር ይመስል ነበር። በማግስቱ የድርሰቱን መግቢያ ሰርዤ 8 ሜዠር (የምት ክፍል) ያህል በቁልፍ ምት ብቻ እንዲጀመር አደረግሁ፤ ባሪቶኑ ይቀድማል፣ ሌሎቹ በየተራ ይከተላሉ፣ የመጀመሪያው ትንፋሽ የሚሰማው በ9ኛው ላይ ነው። እርስዎም ሁኔታው የከለከለዎትን ነገር ከመሸሽ ይልቅ በድርሰቱ ውስጥ ቦታ ቢሰጡት፣ አስበው የማያገኙትን ድምፅ ሊያገኙ ይችላሉ።

ሲጨርሱ የእያንዳንዱን ድርሻ ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ አድርገው ይገልብጡ፤ መገናኘት ያልቻለ ተጫዋች በስልክ ፎቶ ተልኮለት ሊለማመደው ይችላል። መብራትም ስለሚጠፋ፣ የኖታዎቹን ራስ በሻማ ብርሃን እንዲነበቡ አወፍረው ይጻፉ።