በልክ የሚሠራ የጣሊያን የኮርስ ብስክሌት ፍሬም እንዴት ይመረጣል?

ለጣሊያን ሠሪ ስለ ፍሬም የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀለሙና ከስሙ ነው፤ ሠሪው ግን አስቀድሞ ማወቅ የሚፈልገው ሰውየው ብስክሌት ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ነው። አሁን ያለዎት ብስክሌት ኮርቻውና መሪው ከተስተካከለ በኋላ ለሰዓታት ሲነዱት ጀርባዎንና ጉልበትዎን የማያሳምምዎ ከሆነ፣ ከመደብር የሚገዛ ፍሬም ይበቃዎታል። በልክ ማሠራት ወጪውን የሚመልሰው መደበኛው ልክ ለማይገጥመው ወይም ከመደበኛው የተለየ ነገር ለሚፈልግ ሰው ነው።

መጀመሪያ የሚነዱበትን መንገድ፣ የጎማውን ስፋትና የፍሬኑን ዓይነት ይወስኑ። ለ28 ሚሊሜትር ጎማ ተለክቶ የተበየደ ፍሬም በኋላ 32 ላያስገባ ይችላል፤ የቸርኬውን ጠርዝ ለሚይዝ ፍሬን የተሠራም የዲስክ ፍሬን አይቀበልም።

ሁለተኛው እርምጃ ልክ መውሰድ ነው፤ ሥራው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ቁመታቸውን፣ የእግራቸውን የውስጥ ርዝመትና የክንዳቸውን ርዝመት ለክተው ይልካሉ። ቁጥሮቹ ይጠቅማሉ፤ ወገብዎ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ግን አይናገሩም። ቁመታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ሰዎች አንዱ ጎንበስ ብሎ ግማሽ ቀን ሲነዳ ሌላው በግማሽ ሰዓት አንገቱ ይዝላል። አንድ የማውቀው ብስክሌተኛ የሰውነቱን ልክ ብቻ ልኮ ያሠራው ፍሬም የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት የፊት ቱቦው አጥሮበት፣ እስከ ዛሬ ከመሪው ሥር ቀለበት ደርድሮ ይነዳል፤ ፍሬሙ ከላከው ቁጥር ጋር የሚስማማ በመሆኑ ሠሪውን የሚወቅስበት ምክንያት አላገኘም።

ስለዚህ ከሰውነትዎ ልክ ጋር የተመቸዎትን ብስክሌት ልክ አብረው ይላኩ። ብስክሌቱን ውኃ ልኩ በተጠበቀ ወለል ላይ ግድግዳ አስደግፈው ቀጥ አድርገው ያቁሙት። በመጀመሪያ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ዘንግ መካከል እስከ ኮርቻው አናት ያለውን ርዝመት፣ የኮርቻውን ቱቦ መስመር ተከትለው ይለኩ። ቀጥሎ የግንበኛ ቱንቢ ከኮርቻው አፍንጫ ላይ ያንጠልጥሉ፤ መወዛወዙን ሲያቆም ከገመዱ እስከዚያው ዘንግ መካከል ያለውን አግድም ርቀት ይመዝግቡ። ሦስተኛው ልክ ከኮርቻው አፍንጫ እስከ መሪው መካከል ያለው ርቀት ሲሆን፣ አራተኛው ኮርቻውና መሪው ከወለሉ ያላቸው የከፍታ ልዩነት ነው። የኮርቻውን ስምና ሞዴል እንዲሁም የፔዳሉን ክንድ ርዝመት አብረው ይጻፉ፤ የኮርቻ አፍንጫ ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ስለሚረዝምና ስለሚያጥር፣ ያለ ኮርቻው ስም የተላከ ቁጥር ሠሪውን ያሳስተዋል። በፎቶ ብቻ ልክ እናወጣለን የሚሉትን የስልክ መተግበሪያዎች እኔ አላምናቸውም፤ ቱንቢና ሜትር ይሻላሉ።

ሠሪው ከዚህ ተነሥቶ ሁለት ዋና ቁጥሮችን ያወጣል። ከፔዳሉ ዘንግ መካከል እስከ ፊት ቱቦው አናት በቁመት ያለው ርቀት ስታክ፣ በአግድም ያለው ደግሞ ሪች ይባላል። “56 ቁጥር ነኝ” ማለት አያስተማምንም፤ አንዱ ሠሪ የኮርቻውን ቱቦ ከመካከል እስከ መካከል፣ ሌላው ከመካከል እስከ ጫፍ ስለሚለካ ያው ቁጥር ሁለት የተለያዩ ፍሬሞችን ሊያመለክት ይችላል። ሠሪው የሚልከው የፍሬሙ ሥዕል ሲደርስዎ፣ መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያገናኘው የመሪ አንገት ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ይመልከቱ። ለመካከለኛ ቁመት ከ100 እስከ 120 ቢሆን መልካም ነው፤ 140 ካስፈለገ ፍሬሙ አጥሯል። አጭር ሰው ከሆኑ ደግሞ መሪውን አዙረው ሲታጠፉ የጫማዎ ጫፍ የፊቱን ጎማ ይነካ እንደሆነ ይጠይቁ።

ሦስተኛው ሠሪውንና ቁሱን መምረጥ ነው። አረብ ብረት ከፈለጉ የግሮሴቶው ቶማሲኒ ወይም የቬሮናው ፔጎሬቲ፣ ለታይታኒየም ፓሶኒ፣ በልክ ለሚሠራ ካርቦን ደግሞ ሳርቶ በሥራቸው የታወቁ ናቸው። ስሙ የጣሊያን መሆኑ ብቻውን አያጥግብዎ፤ የታወቁ የጣሊያን ስሞች ብዙ የካርቦን ፍሬሞቻቸውን በእስያ ያሠራሉ፤ ሳርቶ ራሱ ለረጅም ጊዜ በሌሎች ስም ለሚሸጡ ፍሬሞች ሠርቷል። “ማን ይበይደዋል? በየትኛው ወርክሾፕ?” ብለው በቀጥታ ይጠይቁ። ክብደትዎንም ሳይቀንሱ ይንገሩ፤ የቱቦው ውፍረት የሚመረጠው በእርሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 በሚላኖ የተቋቋመው የቱቦ አምራች ኮሎምቡስ ያወጣው ዝነኛው ኤስኤል ቱቦ ጫፎቹ 0.9፣ መሃሉ 0.6 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ለከባድ ሰውና ለትልቅ ፍሬም የታሰበው ኤስፒ 1.0 እና 0.7 ነው። በእጅ ሲዳስሱት የማይታወቅ ልዩነት ነው፤ ዳገት ላይ ቆመው ሲረግጡ ግን ይታወቃል።

ከዝርዝሮቹ ሁሉ የማሳስበው የፔዳሉን ዘንግ የሚይዘው ቤት ፊለት (የብሎን ጥርስ) ነው። የጣሊያኑ ልክ ስፋቱ 70 ሚሊሜትር፣ የፊለቱ ዲያሜትር 36 ሚሊሜትር ሆኖ ሁለቱም ጎኖች ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይጠብቃሉ፤ በዚህም የተነሣ የቀኙ ጎን በመረገጥ ብዛት ቀስ በቀስ የመላላት ጠባይ አለው። የእንግሊዙ ልክ ስፋቱ 68 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የቀኙ ፊለት ወደ ግራ ስለሚጠብቅ ይህ ችግር የለበትም። በተጨማሪም የእንግሊዙ ፊለት ቢበላሽ ቤቱ ሰፍቶ የጣሊያን ፊለት ሊቆረጥለት ይችላል፤ የጣሊያኑ ከተበላሸ ግን ጥገናው ይከብዳል። ለወግ ሲባል የጣሊያኑን የሚመርጡ አሉ፤ እኔ የእንግሊዙን እመክራለሁ። የፍሬን መስመሮችንም በመሪው ኩሽኔታ ውስጥ ማሳለፍ ለዓይን ያምራል፤ ኩሽኔታው በተቀየረ ቁጥር ግን ሁሉንም መፍታት ሊጠይቅ ይችላል።

ቅድሚያ ክፍያ የሚከፍሉት ቁጥሮቹ ሁሉ የሰፈሩበትን ሥዕል አይተው ከተስማሙ በኋላ ይሁን። ብዙዎቹ የጣሊያን ወርክሾፖች በነሐሴ አጋማሽ ስለሚዘጉ የርክክቡን ጊዜ በዚያ ልክ ያስቡ። ቀለም በመጨረሻ ይመረጣል።

ፍሬሙ ሲደርስ ምንም ዕቃ ሳይገጥሙበት ቀጥተኛነቱን ያረጋግጡ። ቀጭን ሲባጎ ከኋላ ጎማ መያዣው በአንዱ ጎን አስረው፣ በፊት ቱቦው ዙሪያ አዙረው ወደ ሌላው ጎን ይመልሱትና ወጥረው ይሰሩት፤ ከዚያ ከሲባጎው እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ይለኩ። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር ካለፈ ደግመው ይለኩ፤ ከሁለት ካለፈ ግን ሜትሩ በግልጽ የሚነበብበት ፎቶ አንሥተው ለሠሪው ይላኩ፤ ዕቃ ከተገጠመበት በኋላ ጉድለቱ ከወርክሾፑ የመጣ መሆኑን ማስረዳት አስቸጋሪ ይሆናል።