«አክተሩ አይሞትም»፦ አሚታብ ባቻንን ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። አክተሩ አይሞትም። ጥይት ቢዘንብበት፣ ሃያ ሰው ቢረባረብበት፣ ተነስቶ አቧራውን ያራግፋል። አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን የምናይ ልጆች ሁላችንም በዚህ እንማማል ነበር።

አንድ ቀን «ሾሌ» ታየ። ያ ረጅሙ፣ ዝምተኛው፣ አርሞኒካ የሚነፋው ልጅ ቆስሎ ጓደኛው እቅፍ ውስጥ ሞተ። ቤቱ ጭጭ አለ። ከኋላ አንዱ «ይሄማ አክተሩ አይደለም ማለት ነው» አለ። ሌላው «አክተሩ ዳርሜንድራ ነው» ብሎ አረጋገጠ። እኔም አመንኩ።

ያ የሞተው ልጅ የህንዱ የፊልም ኮከብ አሚታብ ባቻን ነበር። ስለ እሱ የተሳሳትኩት ከያኔ ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላም ብዙ ተሳስቻለሁ። የህንድ ፊልም የሚወዱ ጓደኞቼም እነዚያኑ ስህተቶች ሲደግሙ አያለሁ። እስቲ አንድ በአንድ ላውራችሁ። (ዓመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

ሲሞት ተሸነፈ ማለት

አሚታብ በደጉ ዘመኑ ሞት የሚወድ አክተር ነበር። «ዲዋር» ላይ ቤተ መቅደስ ውስጥ እናቱ እቅፍ ላይ ይሞታል። «ሙቃዳር ካ ሲካንዳር» ላይ ይሞታል። «ሻክቲ» ላይ የሚተኩስበት የገዛ አባቱ ነው። አባትየውን የሚሠራው ደግሞ ዲሊፕ ኩማር። የእነዚህ ፊልሞች ክብደት ያለው እዚያ ላይ ነው። ሰውየው የተበደለ ነው፤ ግን ያጠፋም ነው። ሕዝቡ ያለቅስለታል፤ ፊልሙ ግን አይምረውም።

አንዴ ብቻ ሞቱ ተሰረዘ። ሐምሌ 1982 ባንጋሎር ውስጥ «ኩሊ» የሚባለውን ፊልም ሲቀርጹ፣ የድብድብ ትዕይንት ላይ ሆዱ ክፉኛ ተጎዳ። አንጀቱ ተበሳ። ሊሞት ምንም አልቀረውም ነበር። በመላ ህንድ ሕዝቡ በየቤተ መቅደሱና በየመስጊዱ ጸለየለት። ዳነ። በስክሪፕቱ መሠረት ገጸ ባሕርይው መጨረሻ ላይ ይሞት ነበር። ዳይሬክተሩ ማንሞሃን ዴሳይ ግን ከሞት አፍ የተመለሰን ሰው እንደገና አልገድልም አለ። ፊልሙ 1983 ሲወጣ አደጋው የደረሰበት ቅጽበት ላይ ምስሉ ቀጥ ይላል። «የተጎዳው እዚህ ጋ ነው» የሚል ጽሑፍም ይነበባል። እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ፊልም ላይ አይቼ አላውቅም።

«ቁጡው ወጣት» ብሎ መዝጋት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ቁጡ ወጣት የሚለው ስም የወጣለት «ዛንጂር» በተባለው የ1973 ፊልም ነው። አይስቅም፤ አይዘፍንም ማለት ይቻላል። ሳይፈቀድለት ሊቀመጥ ያለን ወንጀለኛ ወንበሩን በእግሩ መትቶ ያርቅበታል። የጻፉለት ሳሊም ካን እና ጃቬድ አክታር ናቸው። በዚያን ጊዜ ህንድ ውስጥ ሥራ አጥነቱም ሙስናውም የወጣቱን አንገት አንቆ ነበር። እና ይሄ የተኮሳተረ ረጅም ልጅ ብሶታቸውን ይዞላቸው መጣ። ስሙ ተጣበቀበት።

ግን 1975ን ብቻ እንመልከት። አንድ ዓመት ናት።

በዓመቱ መጀመሪያ «ዲዋር» ወጣ። ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ትከሻው ላይ ገመድ፣ ክንዱ ላይ በልጅነቱ በግድ የተነቀሰ አዋራጅ ጽሑፍ። የወደብ ኩሊ ሆኖ ጀምሮ የኮንትሮባንድ አለቃ ይሆናል። እውነት ነው፤ ቁጡ ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ «ቹፕኬ ቹፕኬ» መጣ። እዚህ ላይ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ ነው። ጓደኞቹ ለቀልድ ብለው የዕፅዋት ፕሮፌሰር ነህ ይሉታል። ሰውየው ስለ ቅጠል ምንም አያውቅም። አንዲት ቆንጆ ልጅ «አስጠናኝ» ትለዋለች። ጭንቀቱን ማየት ነው! ቡጢ የለም፤ ሽጉጥ የለም። ፊቱ ብቻ ነው የሚያስቀው። ከዚያ «ሚሊ» ተከተለ። ሰው የሚሸሽ ጠጪ ጎረቤት ሆነ። ነሐሴ ላይ «ሾሌ»።

አራት ፊልም፣ አራት የተለያየ ሰው፣ ስምንት ወር እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ። ሁለቱን፣ ማለትም «ቹፕኬ ቹፕኬ»ን እና «ሚሊ»ን፣ ዳይሬክት ያደረጋቸው ህሪሺኬሽ ሙከርጂ ነው። ሙከርጂ የድብድብ ሰው አይደለም። የሳሎንና የሻይ ሰው ነው። እኛ ሰፈር ቪዲዮ ቤት የሙከርጂ ፊልም አንድም ቀን አልታየም። ድብድብ የሌለበትን ማን ከፍሎ ያያል? ለዚህ ነው ግማሹን አሚታብ ሳናውቀው ያደግነው።

«ሾሌ»ንም ቢሆን ልጅ ሆነን በደንብ አላየነውም። ማታ ማታ ጄይ (አሚታብ ማለት ነው) ደጅ ተቀምጦ አርሞኒካ ይነፋል። ፊት ለፊት ባሏ የሞተባት ወጣት ሴት ፋኖሶቹን አንድ በአንድ ታጠፋለች። አይነጋገሩም። ፍቅራቸው ይኸው ነው። እኛ ያኔ «አሳልፈው! አሳልፈው!» እያልን እንጮህ ነበር። ሴትየዋ በእውኑ ሚስቱ ጃያ ናት። ከ«ሾሌ» በፊት 1973 ላይ ተጋብተዋል።

ከ«ዛንጂር» በፊት ምንም የለም ብሎ መዝለል

የመጀመሪያ ፊልሙ የወጣው 1969 ነው። ጎዋን ከፖርቹጋል እጅ ለማስለቀቅ ስለሄዱ ሰባት ሰዎች ነው የሚያወራው። ከዚያ እስከ «ዛንጂር» አብዛኛው ፊልሙ ከሰረ። ሰው የከሰረውን ማየት አይወድም። እኔ ግን እነሱን እወዳቸዋለሁ፤ ሰውየው ገና ስም ስላልወጣለት ሁሉንም ይሞክራል። 1971 ላይ አንዱ ፊልም ውስጥ ዲዳ ሆኖ ተጫወተ። ያን ድምጽ ይዞ፣ ዲዳ! በዚያው ዓመት «ፓርዋና» ላይ ፍቅር ያሳበደው ነፍሰ ገዳይ ሆነ።

በዚያው ዓመት ደግሞ «አናንድ» አለ። ኮከቡ ራጄሽ ካና ነው፤ በካንሰር የሚሞት፣ ግን ሳቁ የማይቋረጥ ሰው። አሚታብ ሐኪሙ ነው። ሥራው ማዳመጥ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ የሌላውን ሳቅ ተኮሳትሮ ያዳምጣል። መጨረሻ ላይ ሕመምተኛው አርፏል፤ ሐኪሙ ግን «ተናገር» እያለ ይጮህበታል። ያኔ ነው የታመቀው ሁሉ የሚፈነዳው። ቁጣው «ዛንጂር» ላይ አልተወለደም። እዚህ ሐዘን ውስጥ ነበረ።

ድምጹን በሌላ ሰው ድምጽ መስማት

ዛሬ ትርጉም ፊልም በሽ በሽ ነው። «ዚ ዓለም» በሚባለው ቻናል የህንድ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ሲያወራ ውሎ ያድራል። ተርጓሚዎቹን አልነቅፍም፤ እናቴም ያለ እነሱ አታይም። ግን አሚታብን ከድምጹ ለይቶ ማየት ጥላሁንን ድምጹን ዘግቶ በቪዲዮ እንደ ማየት ነው።

ሰውየው አንዴ ለህንድ ብሔራዊ ራዲዮ ድምጹን ተፈትኖ እንደ ወደቀ ራሱ ተናግሯል። ፊቱ ስክሪን ላይ ከመታየቱ በፊትም የተሰማው ድምጹ ነው፤ 1969 ላይ የዳይሬክተር ምሪናል ሴንን «ቡቫን ሾሜ» ተርኳል። ታላቁ ዳይሬክተር ሳትያጂት ሬይም ለ«ሻትራንጅ ኬ ኪላሪ» የፈለገው ለተራኪነት ነው። «ላጋን» ላይ ታሪኩን የሚነግረንም እሱ ነው።

በዚህ ድምጽ ግን አልተኛበትም። 1990 ላይ «አግኒፓት» ውስጥ ድምጹን ለወጠው። አሻከረው፤ ወደ ጉሮሮው አወረደው። ተመልካቹ አልወደደለትም። «የእኛን አሚታብ መልሱልን» ዓይነት ነገር ሆነ፤ ፊልሙም ገበያ ላይ አልቀናውም። ለምርጥ ተዋናይነት የመጀመሪያውን ብሔራዊ ሽልማት ያገኘው ግን በዚሁ ፊልም ነው። ሂንዲ አለመቻል ችግር የለውም። ሰብታይትል ይበቃል፤ ድምጹ ብቻ የራሱ ይሁን።

ዘፈኑን ማሳለፍ

«ዘፈን በዛ» ብላችሁ ሪሞት አታንሱ። አዎ፣ አብዛኛውን ከጀርባ ሆኖ የሚዘፍንለት ኪሾር ኩማር ነው። ግን «አማር አክባር አንቶኒ» ላይ ከትልቅ እንቁላል ውስጥ ኮትና ባርኔጣ አድርጎ ሲወጣ ያላየ፣ አስቂኙን አሚታብ አላየም። አንዳንዴ ራሱም ይዘፍናል። «ሲልሲላ» ላይ ሆሊ በሚባለው የቀለም በዓል ቀን ሰክሮ የሚዘፍነው የገዛ ድምጹ ነው። ግጥሙ በአባቱ በሀሪቫንሽ ራይ ባቻን ስም ነው የሚታወቀው። አባትየው ትልቅ የሂንዲ ገጣሚ ነበሩ። በዚያ ዘፈን ውስጥ ደግሞ በሚስቱ ፊት ለሌላ ሴት ነው የሚዘፍነው። ካሳለፋችሁት የፊልሙ ጸብ ከየት እንደ መጣ አይገባችሁም።

ስም ማምታታት

አጭር ናት፤ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል። «ዶን»ን ፈልጋችሁ ሻሩክ ካን ከመጣ የ2006ቱ ነው። የአሚታብ 1978 ነው፤ አለቃውንም አስመሳዩንም እሱ ነው የሚጫወተው። «አግኒፓት» ሪቲክ ሮሻን ካለበት የ2012ቱ ነው። አቢሼክ ባቻን ደግሞ ልጁ ነው። እና «ዲዋር» ላይ ታናሽ ወንድሙን የሚሠራው ሻሺ ካፑር በእውኑ በአራት ዓመት ይበልጠዋል። ይቺን ለክርክር ያዟት።

የነካው ሁሉ ወርቅ ነው ማለት

የአድናቂ ስህተት ነው፤ የእኔም ነበር። መጥፎ ፊልም አለው። ብዙ። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ለፓርላማ ተመርጦ ሦስት ዓመት ሳይሞላ ለቀቀ። ተመልሶ የሠራቸው አንዳንዶቹ የድሮው ኮት ሆኑበት፤ ዕድሜው ሄዷል፤ ልብሱ ያው ነው። በዘጠናዎቹ ያቋቋመው ኩባንያ ዕዳ ውስጥ ነከረው። ያኔ የሠራቸውን ፊልሞች እኔ ዛሬ ጀምሬ አልጨርሳቸውም። 2007 ላይ «ሾሌ» እንደገና ተሠርቶ እሱ ሽፍታውን ሆኖ ሲመጣ የደነገጥኩት ድንጋጤ አሁንም አለ። ያ ፊልም ባይሠራ ምን ነበረበት?

ይህን መናገር ማሳነስ አይደለም። የሚከስር ነገር የማይሞክር አክተር አንድ ዓይነት ሰው ሆኖ ይቀራል።

ሲያረጅ ነው አክተር የሆነው ማለት

ይሄ ደግሞ የዘመኑ አዋቂዎች ስህተት ነው። «ዱሮ ድብድብ ነበር፤ ትወና የጀመረው በ‹ብላክ› ነው» ይላሉ። ከላይ ስለ 1975 ያልኩትን አንብበው ይመለሱ።

እርጅናው የጨመረለት ነገር ግን አለ። 2000 ላይ ዕዳውን ሊከፍል የቴሌቪዥን ጥያቄና መልስ አቅራቢ ሆነ። ሰው ሁሉ «አበቃለት» አለ። እሱ ግን በየቤቱ ሳሎን ገባ። በዚያው ዓመት «ሞሃባቴን» ላይ ሽበቱን ይዞ ጨካኝ ርዕሰ መምህር ሆነ። ከዚያ በኋላ ወጣት ለመምሰል መልፋት አላስፈለገውም። 2005 ላይ «ብላክ»፤ ማየትም መስማትም የተሳናትን ልጅ የሚያስተምር፣ ኋላ ራሱ ሁሉን የሚረሳ አስተማሪ። 2009 ላይ «ፓ»፤ ያለ ዕድሜው የሚያስረጅ በሽታ ያለበት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ። አባቱን የሚሠራው ማን መሰላችሁ? ልጁ አቢሼክ! 2020 ላይ «ጉላቦ ሲታቦ»፤ አፍንጫው ተቀጥሎለት፣ ወገቡ ጎብጦ፣ የሚስቱን አሮጌ ግቢ ለመውረስ የሚስገበገብ የላክናው ሽማግሌ። ቁመቱ እንኳ ጠፍቷል። እኔ ለአሥር ደቂቃ አላወቅኩትም።

ሽልማቱን መቁጠርም ያሳስታል። ለምርጥ ተዋናይነት አራት ብሔራዊ ሽልማት አለው፤ «አግኒፓት»፣ «ብላክ»፣ «ፓ» እና «ፒኩ»። ዝርዝሩን ብቻ የሚከተል ሰው «ዲዋር»ንም «ሾሌ»ንም አያገኛቸውም።

ከየት ልጀምር ለሚለኝ ሰው የምሰጠው ሁለት ፊልም ነው። መጀመሪያ «አናንድ»፤ ወጣቱ ቤንጋሊ ሐኪም፣ የሌላውን ሞት የሚጠብቅ። ቀጥሎ «ፒኩ»፤ ሆድ ድርቀቱን ከቁርስ እስከ እራት የሚያወራ፣ ልጁን የሚያማርር ቤንጋሊ ሽማግሌ። በመካከላቸው 44 ዓመት አለ። ስማቸውን አዳምጡ፤ ሁለቱም ባስካር ባነርጂ ናቸው።